ኒኮላይ ቫቪሎቭና ድርቅን የሚችል ዘር ፍለጋ

ድርቅን የሚችል የሩዝ ዘር ለማውጣት በልዩ ልዩ አገሮች የሚደክሙ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚጀምሩበትን ቦታ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ይኸውም መነሻቸው ዘወትር ማለት ይቻላል፣ ዝናብ በሚያጥርበት ዳገትና ጭንጫ መሬት ላይ ገበሬ ከአባቱ ወርሶ ሲዘራው የኖረ፣ ምርቱ አነስተኛ፣ ስሙም ከመንደሩ አልፎ የማይታወቅ አሮጌ ዘር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ዘር ከየአገሩ መሰብሰብ፣ እያንዳንዱን በቁጥርና በስም መዝግቦ ማኖር፣ ከዚያም የሚፈለገውን ባሕርይ ከውስጡ ፈልጎ በማዳቀል ወደ ሌላው ማሻገር ዛሬ ለማኅበራችን አባሎች የዕለት ተግባር ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ግን ይህ የሥራ ሥርዓት ገና አልተበጀም ነበር። ሥርዓቱን ከማንም በላይ ያበጀው ሰው፣ ስሙ ከሩዝ ይልቅ ከስንዴ ጋር የሚነሣው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። የሩዙን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው እንከተል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢቫን ኢሊች ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ከተማ የገባ፣ በኋላም በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጆቹ የንግዱን ሥራ እንዲወርሱለት ይመኝ ስለነበረ ኒኮላይን በንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ምኞቱ ግን አልሰመረለትም። ታላቁ ልጅ ወደ እርሻ፣ ታናሹ ሰርጌይ ወደ ፊዚክስ አዘነበሉ፤ ሁለቱም በየሙያቸው ከፍተኛውን ማዕረግ ለማግኘት በቁ። ኒኮላይ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1891፣ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ብርቱ ድርቅ ገብቶ ረኃብና በሽታ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ረኃቡ የነጋዴውን ቤት ደጃፍ አልነካም፤ ሆኖም በዚያ ዘመን የተነሣ ሩሲያዊ የእርሻ ተማሪ ሁሉ የ1891ን ነገር እየሰማ ያደገ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በሞስኮ የእርሻ ኢንስቲትዩት ሳለ ለመመረቂያ የጻፈው ጥናት በሞስኮ አውራጃ የእርሻና የአትክልት ቦታ ላይ ጉዳት ስለሚያደርሱ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣዎች ነበር። አርእስቱ ዝቅተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ወጣቱ ተማሪ ከጅምሩ የገበሬው ማሳ ላይ ዓይኑን የጣለ መሆኑን ያሳያል። ከዚያም በሴንት ፒተርስበርግ በሮበርት ሬገል ይመራ በነበረው የተግባራዊ ዕፀዋት ጥናት ቢሮ ጥቂት ጊዜ ሠራ። በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተላከና ጄኔቲክስ የሚለውን ስያሜ ለዚህ ሳይንስ ካወጣው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። የመነኩሴው የሜንዴል ሥራ ከተረሳበት ከወጣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። በካምብሪጅም ቢፈን የተባለው ሊቅ ስንዴ የዋግ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ከወላጅ ወደ ልጅ በሜንዴል ሕግ መሠረት እንደሚተላለፍ አሳይቶ ነበርና፣ ቫቪሎቭ ከዚህ ሥራ አንድ ትልቅ ትምህርት ቀሰመ። ይኸውም ችግርን የመቋቋም ባሕርይ የዕድል ወይም የአፈር ስጦታ ብቻ ሳይሆን በዘር ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ፣ ፈልገው ሊያገኙት የሚችሉት ሀብት ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው በ1916 የተደረገው ወደ ፋርስ ነው። ምክንያቱ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በሰሜን ፋርስ የሰፈሩት የሩሲያ ወታደሮች የአገሩን ዳቦ ሲበሉ ራሳቸውን እያዞረ እንደ ሰካራም ያደርጋቸው ስለነበር መንስኤውን እንዲመረምር ታዘዘ። መርምሮም ከስንዴው ጋር አብሮ የሚበቅለው እንክርዳድ ዋነኛው ምክንያት መሆኑን አስታወቀ። እናቶቻችን እህል ሲለቅሙ እንክርዳዱን ለምን እንደሚጥሉት ያውቁ ነበርና ለዚህ ሊቅ ባላስፈለጋቸውም ነበር። ቫቪሎቭ ግን ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ አልተመለሰም፤ ወደ ፓሚር ተራሮች ወጣ። በዚያም ሌላ ነገር አስተዋለ። በቆላው የስንዴ ማሳ ውስጥ ራይ የሚባለው እህል እንደ አረም ሆኖ ይበቅላል፤ ወደ ደጋው እየተወጣ ሲሄድ፣ ብርዱም ሲበረታ፣ ስንዴው እየመነመነ አረሙ እየበረከተ ይሄዳል፤ ከከፍታው ላይ ገበሬው ስንዴውን ትቶ አረሙን ያጭዳል። እንግዲህ ራይን ሰው መርጦ አልዘራውም፤ ችግር ራሱ መርጦ ሰጠው። ይህ የፓሚር ትምህርት ቫቪሎቭ ስለ ድርቅም ሆነ ስለ ብርድ ባሰበበት ጊዜ ሁሉ አብሮት ኖሯል።

በ1917 በቮልጋ ዳርቻ በሚገኘው በሳራቶቭ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። አብዮቱ ተነሥቶ፣ የእርስ በርስ ጦርነትም ተከትሎ፣ ማገዶና ወረቀት በጠፋበት ጊዜ ተማሪዎቹን ይዞ በደረቁ ሜዳ ላይ የስንዴ ልዩነቶችን ይመዘግብ ነበር። በጁን 1920 በዚያው ከተማ በተደረገ የዘር ማሻሻል ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ስለ ተመሳሳይ ተከታታይ ልዩነቶች ሕግ የተባለውን ንግግር አሰማ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በዝምድና የሚቀራረቡ ዕፀዋት ሁሉ በልዩነታቸውም ይመሳሰላሉ። ስንዴ ጢም ያለውና ጢም የሌለው፣ ፍሬው ነጭ፣ ቀይና ወይን ጠጅ፣ ቀድሞ የሚደርስና የሚዘገይ ዓይነት ካለው፣ በገብስም፣ በራይም፣ በሩዝም ዘንድ ተመሳሳዩ ሰልፍ ይኖራል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። በአንዱ ዘንድ ያልታየ ቢኖር የለም ማለት አይደለም፤ ገና አልተፈለገም ማለት ነው። ለምሳሌ ሲበስል እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ፍሬ በሩዝ የታወቀ ሲሆን፣ በማሽላም፣ በበቆሎም ተገኝቷል። ከብዙ ዓመት በኋላ የክሮሞሶምን ዝርዝር ማንበብ ሲቻል፣ በእነዚህ እህሎች ሁሉ ባሕርዩን የሚወስነው ያው አንድ ዓይነት ጂን መሆኑ ተረጋገጠ። በ1990ዎቹ ዓመታትም የሩዝ፣ የስንዴና የበቆሎ ጂኖች በየክሮሞሶሞቻቸው ላይ በተቀራረበ ቅደም ተከተል መደርደራቸው ታውቋል። ቫቪሎቭ ይህን ያለ አንዳች የሞለኪውል መሣሪያ፣ በዓይኑና በእጁ ብቻ እህል እያገላበጠ ወደ መረዳቱ ቀርቦ ነበር።

ሕጉ ከተነገረ አንድ ዓመት ሳይሞላው በ1921 የቮልጋ አገር እንደገና ደረቀ። በጦርነት የተራቆተው ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር በልቶ ስለነበረ ረኃቡ ከ1891 የከፋ ሆኖ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ቫቪሎቭ በዚያው ዓመት ሬገልን ተክቶ በፔትሮግራድ የሚገኘውን ቢሮ ለመምራት ተዛውሮ ስለነበር ወደ አሜሪካ ተላከና ዘር ሲሰበስብ ቆይቶ፣ ሥራውን የሚቀጥል ቅርንጫፍ በኒው ዮርክ አቋቁሞ ተመለሰ። በ1922 ስለ ደቡብ ምሥራቅ ሩሲያ የእርሻ ሰብሎች ያሳተመው መጽሐፍም የዚሁ የደረቅ አገር ጥናት ውጤት ነው። ቢሮው ወደ ታላቅ ኢንስቲትዩትነት አድጎ በመላው ሶቪየት ኅብረት የሙከራ ጣቢያዎች ተተከሉለት። ከእነዚህ ጣቢያዎች የተገኘውን ጥቅም በሰፊው መናገር ያስፈልጋል። ቫቪሎቭ ከ1923 ጀምሮ አንድ ዓይነት የዘር ስብስብ ከሰሜን ብርዳማ አገር እስከ ደቡብ በረሃ ድረስ ከመቶ በሚበልጡ ቦታዎች እንዲዘራ አደረገ። አንዱ ዘር በአንዱ ቦታ ቀድሞ የሚደርስ ሆኖ በሌላው ሲዘገይ፣ በአንዱ ረጅም ሆኖ በሌላው ሲያጥር ታየ። ስለዚህ አንድ ዘር ድርቅ ይችላል ተብሎ በደፈናው ሊነገርለት እንደማይገባ፣ የት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት አፈር የሚል ጥያቄ መከተል እንዳለበት ግልጽ ሆነ።

በኢንስቲትዩቱ የፊዚዮሎጂውን ክፍል ይመራ የነበረው ኒኮላይ ማክሲሞቭም በዚሁ ረገድ አንድ የቆየ አስተሳሰብ አፈረሰ። ድርቅ የሚችል ተክል ማለት ውኃ በቁጠባ የሚጠጣ ተክል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ማክሲሞቭ ግን ብዙዎቹ የበረሃ ዕፀዋት ውኃ ባገኙ ጊዜ ከሌሎቹ ባላነሰ እንደሚያተንኑ፣ ልዩነታቸው ግን ጠውልገው ሳይሞቱ መቆየት መቻላቸው መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ድርቅን መቻል አንድ ባሕርይ አይደለም። አንዱ ዘር ድርቁ ሳይመጣ ቀድሞ ደርሶ ያመልጣል፤ ሌላው ሥሩን ወደ ጥልቅ ልኮ ውኃ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው መጠውለጉን ታግሦ ዝናብ ሲመለስ ያገግማል። የእያንዳንዱ መንገድ ጂኖች ለየብቻ ናቸው፤ ብዙም ናቸው። በ1931 ድርቅን ለመከላከል በተጠራው አገር አቀፍ ጉባኤ ላይ ቫቪሎቭ ስለ ዓለም ድርቅ ቻይ ዘሮች ሀብት በተናገረ ጊዜ ይህ ሁሉ ከፊቱ ነበር።

ከዚህ ዓመት አስቀድሞ ግን ዓለምን ዞሯል። በ1924 አፍጋኒስታንን አቋረጠ። በ1926 የሜዲትራኒያንን ዳርቻ አገሮች ሲዞር ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በሐረር አካባቢ ተዘዋውሮ፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ለአልጋ ወራሹ ለራስ ተፈሪ መኰንን ቀረበ። ራስ ተፈሪ በፈረንሳይኛ አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ጠየቁት፤ በአገሩ ውስጥ እንዲዘዋወርም ፈቃድ ሰጡት። ከዚያ በኋላ በቅሎና ተሸካሚ ይዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎንደርና በአክሱም አልፎ አሥመራ ድረስ የሄደበት ጉዞ በዚያ ዘመን ለአንድ ዕፀዋት ተመራማሪ ቀላል አልነበረም። የሄደበት ሁሉ ገበያ ላይ እየቆመ ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ ይገዛል፤ ማሳ ውስጥ እየገባ ዛላ ይቀጥፋል፤ የገበሬውን ማሳ የዘር ድብልቅ እያየ ይደነቃል። በአንድ የእኛ ገበሬ ማሳ ውስጥ በአውሮፓ በአንድ አገር ሙሉ ከሚገኘው የበለጠ የስንዴና የገብስ ልዩነት አንድ ላይ ተዘርቶ አገኘ። ፍሬው ወይን ጠጅ የሆነ ስንዴም አየ። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትንም ከሌላ አገር ያልመጡ የዚሁ አገር የእርሻ ልጆች መሆናቸውን ጻፈ።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘው ግን ያገኘው ጢም አልባ ዱረም ስንዴ ነው። በዚያን ጊዜ የታወቀው ዱረም ሁሉ ጢማም ነበር። የሳራቶቩ ሕግ ግን ለስላሳው ስንዴ ጢም አልባ ዓይነት ካለው ዱረሙም ሊኖረው ይገባል ይል ስለነበር፣ በማዳቀል ለማውጣት የተቸገሩት ነገር በገበሬ ማሳ ውስጥ ተዘርቶ ተገኘ። ከዚህ ጉዞ በሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙና ወደ ሌኒንግራድ ተላከ፤ በ1931ም ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ይገባል፤ በእኛ አገር ጽሑፎች አልፎ አልፎ ሳይጣራ ይደገማልና። ቫቪሎቭ የልዩነት መብዛት የጥንተ መገኛ ምልክት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ኢትዮጵያን የዱረም ስንዴና የገብስ የመጀመሪያ መገኛ አድርጎ ነበር። በኋላ በመካከለኛው ምሥራቅ የተደረገው የመሬት ቁፋሮና የጂን ጥናት ግን ሁለቱም እህሎች መጀመሪያ ለማዳ የሆኑት በዚያ መሆኑን አረጋገጠ። የእኛ አገር ለእነዚህ እህሎች ሁለተኛ የልዩነት ማዕከል ናት እንጂ ጥንተ መገኛ አይደለችም። ይህ ክብሯን አይቀንስም፤ ለዘር አሻሻይ የሚጠቅመው ልዩነቱ ነውና። በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ የገብስን ቅጠል የሚያቢጫና ተክሉን የሚያቀጭጭ ቫይረስ የሚከላከል ጂን ሲፈለግ የተገኘው ከኢትዮጵያ በመጣ ገብስ ውስጥ ነበር። አገራችን የራሷን የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ያቋቋመችው በ1976 ነው፤ ቫቪሎቭ በአገራችን ከተዘዋወረ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ከኢትዮጵያ በኋላ በ1929 ቻይናን፣ ጃፓንንና ኮርያን፣ ከዚያም የሰሜንና የደቡብ አሜሪካን አገሮች ዞረ። የእርሻ ሰብሎች መገኛ ማዕከሎች ብሎ ከለያቸው አካባቢዎች ለሩዝ የመረጠው ሕንድን ነው። የዘር ክምችቱ በ1940 ወደ ሩብ ሚሊዮን ናሙና ደርሶ በዓለም ትልቁ ሆነ። ራሱም የሌኒን የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ የጄኔቲክስ ኢንስቲትዩትም ዲሬክተር ነበር። በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ እንደሚተኛ ይነገርለታል።

የመከራው ዘመን የመጣው በዚህ የክብር ጫፍ ላይ ሳለ ነው። በ1929 የተጀመረው የመሬት ማጠቃለል ዘመቻ የእርሻውን ምርት አናግቶ፣ በ1932 እና 1933 ታላቅ ረኃብ አስከተለ። መንግሥቱ ፈጣን መፍትሔ ፈለገ። በ1931 የወጣው ውሳኔ አዲስ ዘር ለማውጣት ይወስድ የነበረው አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ወደ አራትና አምስት ዓመት እንዲወርድ አዘዘ። አንድን የተዳቀለ ዘር ለማጽናት ስንት ትውልድ መዝራት እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው ትእዛዙ ምን ያህል ከተፈጥሮ ጋር እንደሚጣላ ይረዳል። ለድርቅማ ይበልጡን ይከብዳል፤ ድርቁ ራሱ በየዓመቱ አይመጣምና በአንድ ዝናባም ዓመት ስለ ዘሩ ምንም ማወቅ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ከዩክሬን የመጣ የገበሬ ልጅ ተነሣ። ዘርን አርጥቦና አቀዝቅዞ በመዝራት ያሮቪዛሲያ ብሎ የሰየመውን ዘዴ አስተዋወቀ፤ ቀጥሎም አዲስ የስንዴ ዘር በሁለት ዓመት ተኩል አወጣለሁ አለ። ጂን የሚባል ነገር የለም፤ ዘር የሚለወጠው በአስተዳደጉ ነው፤ ያደገበት ሁኔታ ያስተማረውንም ለልጁ ያወርሳል የሚል እምነት ነበረው። ስታሊንም ይህን ሰው ወደደው።

ቫቪሎቭ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊሴንኮን ደግፎታል። ዘርን የማቀዝቀዙ ዘዴ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ በአበባ ጊዜያቸው የማይገናኙ ዘሮችን አብሮ አሳብቦ ለማዳቀል ይረዳል ብሎ ተስፋ በማድረጉ፣ በአደባባይ አመሰገነው፤ ለማዕረግም አጨው። ስለዚህ ነገር የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለት ወገን ናቸው፤ ከፊሎቹ የዋህነት፣ ከፊሎቹ የዘመኑ ጥንቃቄ ይሉታል። ለእኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ የሰብሳቢነት ጠባዩ ሆኖ ይታየኛል፤ ከማንኛውም ማሳ እፍኝ ዘር መውሰድ የለመደ ሰው ከማንኛውም ሰው አሳብ መውሰድን አይንቅም። ይሁንና ሊሴንኮ ጄኔቲክስን ከሥሩ ለመንቀል እንደተነሣ በግልጽ በታየ ጊዜ ቫቪሎቭ ወደ ኋላ አላለም። ከ1936 ጀምሮ በየስብሰባው ፊት ለፊት ተከራከረው። ብዙዎች አንገታቸውን ሲደፉ እሱ የተማረውን እውነት አልካደም። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ የቫቪሎቭ የበላይ ለመሆን በቃ። በሚቀጥለው ዓመት በኤዲንብራ በተደረገው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ቫቪሎቭ ፕሬዚዳንት ተመርጦ ነበር፤ ከአገር መውጣት ተከልክሎ ወንበሩ ባዶውን ዋለ።

በኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን፣ በቼርኖቭትሲ አካባቢ ዘር ለመሰብሰብ እንደወጣ፣ የመንግሥት ሰዎች በመኪና መጥተው ይዘውት ሄዱ። ባልደረቦቹ ከኋላው የቀረውን ሻንጣ ሲፈቱ በዚያው ዕለት ከተራራው የሰበሰበውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙ። ክሱ የስለላና እርሻን ሆን ብሎ የማበላሸት ወንጀል ነበር። በወራት ውስጥ ከአራት መቶ ጊዜ ያላነሰ ተመረመረ፤ በጁላይ 1941ም ሞት ተፈረደበት። ከሥራ ጓደኞቹም መካከል በዘር ማዳቀል ታዋቂ የነበረው ካርፔቼንኮ በዚያው ወር ተገደለ። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ እስረኞቹ ወደ ምሥራቅ ሲወሰዱ፣ ቫቪሎቭ የደረሰው ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተማረባት፣ ሕጉንም ያወጀባት ሳራቶቭ ከተማ ነው። ከእስረኞች ጋር በተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ለጓደኞቹ ስለ ዕፀዋት ትምህርት ይሰጥ እንደነበር ከዚያ የወጡ ሰዎች መስክረዋል። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት የሎንዶን ንጉሣዊ ማኅበር የውጭ አባሉ አድርጎ መረጠው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በረኃብ ተዳክሞ በሃምሳ አምስት ዓመቱ በእስር ቤቱ ሞተ።

በዚሁ ጊዜ በሌኒንግራድ የሆነውን ደግሞ እንይ፤ ከሩዙ ጋር የሚያገናኘን ይህ ነው። ከተማዋ ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944 ድረስ በጀርመን ጦር ተከባ፣ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝቧ በረኃብ አለቀ። በኢንስቲትዩቱ ሕንጻ ውስጥ ግን በቶን የሚመዘን ስንዴ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒ፣ አጃና ባቄላ በየወረቀት ከረጢቱ ታሽጎ ተቀምጦ ነበር። ዲሬክተራቸው የት እንዳለ፣ በሕይወት መኖሩንም የማያውቁት ሠራተኞች ክምችቱን በተራ ይጠብቁ ነበር፤ ከአይጥም ከሰውም። በዚያ ከባድ ብርድና ረኃብ ጊዜ የኦቾሎኒውን ስብስብ የሚጠብቀው ሹኪን ሞተ፤ አጃውን የምትጠብቀው ሮዲናም ሞተች። የሩዙን ስብስብ የሚጠብቀው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሲሞት ዙሪያውን በሺህ የሚቆጠር የሩዝ ከረጢት ነበር፤ አንዱንም አልነካውም። ያን ሩዝ መቀቀል ለጥቂት ሳምንት ነፍስ ያቆይ ነበር። ይህን ስንሰማ መቼም የሰው ነፍስ ከእህል ዘር አይበልጥምን የሚል ጥያቄ ይነሣብናል፤ ሰዎቹም ራሳቸው ሳያነሡት የቀሩ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ከረጢቶች የሚጠበቀው ጥቅም ምን እንደሆነ ለማወቅ የሩዝን የኋላ ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ1960 በፊሊፒንስ፣ በሎስ ባኞስ፣ ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በ1966ም አጭርና ብዙ ምርት የሚሰጥ አዲስ ዘር አወጣ። ቁመቱን ያሳጠረው ጂን የተገኘው ከታይዋን ከመጣ የገበሬ ዘር ነው። አጫጭሮቹ ዘሮች በመስኖ መሬት ላይ የእስያን ጎተራ ሞሉ። ነገር ግን ዝናብ በሚጠብቀው ገበሬ ማሳ ላይ ድርቅ ሲመጣ ከአሮጌዎቹ ቀድመው ይወድቁ ነበር። ሩዝ በባሕርዩ ሥሩ ከላይ ከላይ የሚሄድ ነውና፤ በተለይ በሚያብብበት ሳምንት ውኃ ካጣ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ምክንያቱ በሙሉ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ክሮሞሶም ላይ ቁመትን የሚያሳጥረው ጂን በተቀመጠበት አጠገብ፣ በድርቅ ጊዜ ምርት እንዳይወድቅ የሚረዳ ሌላ ክፍል አለ። አሻሻዮቹ አጭሩን ተክል በመረጡ ቁጥር ከጎኑ ያለውን ይህን መልካም ክፍል ሳያውቁ ያስወጡት ነበር። ሁለቱን ለያይቶ አጭርም ድርቅ ቻይም የሆነ ተክል ማውጣት የተቻለው አሮጌዎቹ ዘሮች፣ ለምሳሌ የሕንዱ ናጊና 22፣ በየክምችቱ ተጠብቀው ስለቆዩ ነው።

በ2007 በአሥራ ሁለተኛው ክሮሞሶም ላይ ሌላ ብርቱ ክፍል ተገኘ፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተከታተሉ። በ2010 ሳህባጊ ድሃን የተባለ ድርቅ ቻይ ሩዝ ለሕንድ ገበሬዎች ተለቀቀ። በ2013 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ኪናንዳንግ ፓቶንግ ከተባለ የፊሊፒንስ የዳገት ሩዝ ውስጥ ሥርን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች እንዲያድግ የሚያደርግ ጂን ለይተው አወጡ፤ ይህም ጂን ሥሩ ወደ ላይ ለሚቀር ዘመናዊ ዘር ሲሰጠው በድርቅ ጊዜ ምርቱ ተሻሻለ። ቀድሞ ደርሶ የሚያመልጥ፣ ሥሩን የሚያጠልቅ፣ መጠውለጉን የሚታገሥ፤ ማክሲሞቭና ቫቪሎቭ የለዩዋቸው መንገዶች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ጂን እየተገኘላቸው ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ግን! አሁንም ከመጀመሪያው ማዳቀል እስከ ገበሬው እጅ ድረስ፣ የጂን ምልክት እየተከተሉ መምረጥ ከተቻለ በኋላ እንኳ፣ ጥቂት ዓመታት አይበቁም።

በሶቪየት ኅብረት ግን ጄኔቲክስ ገና መከራውን አልጨረሰም ነበር። በ1948 በአካዳሚው ስብሰባ ላይ ትምህርቱ ጭራሹን ተከለከለ። በዚያን ጊዜ የመላው የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት የሟቹ ወንድም ሰርጌይ ቫቪሎቭ ነበር፤ ወንድሙን የገደለውን መንግሥት በሳይንስ ራስነት እያገለገለ በ1951 ሞተ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1955 በፍርድ ቤት ንጹሕ ተባለ፤ ሊሴንኮም ከሥልጣኑ የወረደው ክሩሽቾቭ ከወረደ በኋላ ነው። የሌኒንግራዱ ኢንስቲትዩት በ1960ዎቹ መጨረሻ በቫቪሎቭ ስም ተሰየመ፤ ከኢትዮጵያ የተወሰዱት ዘሮችም በዚያ ተጠብቀው ኖረዋል። በሳራቶቭ የመቃብር ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል፤ አስከሬኑ የወረደበት ጉድጓድ ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።